ጠበል የገባችው ሽኮኮ

ኅዳር እንደገባ አንዲት ሽኮኮ ጠበል ገባች። ቀልድ አይደለም። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ከገደሉ ሥር ባለው የደብሩ ጠበል ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ተክሎ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ንቅንቅ አልል አለ። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ያን ደስታዬን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ብቻዬን እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ነገሩ ግን ከጠበሉ አይጀምርም፤ ከአጎቴ ባቄላ ነው የሚጀምረው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እሳቸው ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት፤ ዛሬ አርብ ገበያ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ ብዬ ደረቴን የምነፋው በሳቸው ባቄላ ነው። ማሳቸው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው። ከላይ ገብስ፣ ከታች ልክ ገደሉ ጫፍ ድረስ ባቄላ። ከጫፉ በታች ቋጥኝ ነው፤ ቋጥኙ ውስጥ ሽኮኮ አለ። ብዙ ሽኮኮ።

ሽኮኮን አይቶ የማያውቅ ካለ፣ ጥንቸል የምታክል፣ ጅራት የሌላት፣ ድብልብል ያለች፣ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅ፣ ሰው ስታይ የምትጮህ ፍጡር ናት። ሥራዋ መብላትና መሞቅ ነው። አጎቴ «ጡረታ የወጣች» ይሏታል።

ሦስት ዓመት በተከታታይ የባቄላው ግማሽ ተበላ። አጎቴ ስድሳ አምስትን አልፈዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጆቻቸው ተበትነዋል። እኔ በልጅነቴ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ እጠብቀው የነበረውን ማሳ ዛሬ የሚጠብቅ የለም። በዚያ ዓመት ክረምት ላይ፣ ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ንፋስ መውጫ ከተማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ አሉ። ልጃቸው የምትኖረው በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። አጎቴን እዚያች ክፍል በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፍ ባጃጅ ሲቆጥሩ አሰብኳቸው። በሬና ሞፈር የሌላቸውን አጎቴን አላውቃቸውም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

የመንደሩ ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው ባይ ነበር፤ የሽኮኮዎቹን ጉድጓድ በድንጋይ መድፈንና በበርበሬ ጭስ ማፈን። አዝመራው ሲሰበሰብ በደቦ ሊወጡበት ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ ሽኮኮ እንዲህ ያለ ጥፋት አታደርስም ብዬ ድርቅ አልኩ። ጃርት ይሆናል፣ ልቅ ከብት ይሆናል አልኩ። አጎቴ ባዮሎጂዬን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ መጽሐፍ ስታገላብጪ ማሳ ማየት ረሳሽ አሉኝ። ተናደድኩ። እኔ ከተናደድኩ ደግሞ ማስረጃ ካላመጣሁ አይበርድልኝም።

ማስረጃው በእግሩ መጣ። ሽኮኮ ለግጦሽ ስትወጣ ከገደሏ ምን ያህል እንደምትርቅ የሚያጠና አንድ ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣና አካባቢውን የሚያውቅ ረዳት ከትምህርት ቤታችን ጠየቀ። ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ይዟቸው የመጣው መከታተያዎች የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክሉ ነው። እንስሳዋ አንገት ላይ ይታሰራሉ። በየሁለት ሰዓቱ ይነቁና ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት ለክተው፣ በደካማ ሬዲዮ አንዲት አጭር መልእክት ልከው ተመልሰው ይተኛሉ። የኛ ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ውሎ ማታ ባትሪው ያልቃል፤ እነዚህ ግን የባቄላ ፍሬ በምታህል ባትሪ ወራት ይቆያሉ። ምስጢሩ ትንሽ ተናግሮ ብዙ ዝም ማለት ነው አለኝ ተመራማሪው። ይህ ጸጋ ለኔ ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ከስንት ጣጣ በዳንኩ።

መልእክቱን የሚቀበለውን ሳጥን የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ማማ ላይ ሰቀልነው። ከዚያ ላይ ገደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳጥኑ የሰማውን ሁሉ ኔትወርክ ሲኖር ወደ ስልኬ ይልካል።

ችግር የመጣው በማሰሪያው ነው። ተመራማሪው ያመጣው የላስቲክ ማሰሪያ ደረቅ ነው፤ መከታተያውም ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ንስር ከሰማይ እንዳያይባቸው ፈራን። እኔ ዘዴኛዋ አርብ ቀን ገበያ ወርጄ አንድ ቆዳ ሠሪ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ስድስቱንም መከታተያ በስስ የፍየል ቆዳ ጠቅልለው ሰፉልኝ፤ ከዚያው ቆዳ ለስላሳ ጠፍር አወጡላቸው። ስፌቱ ያምር ነበር፤ አንድ ክር እንኳ ዘወር አላለም። ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ክታብ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ ሰው አንገቱ ላይ የሚያስረውን መጠየቅ ልማዳቸው አይደለም። እኔም እጃቸውን እያደነቅሁ ጠቅልዬ ሄድኩ።

መስከረም ሲያልቅ በሽቦ ወጥመድ ውስጥ ጎመን እያስገባን ስድስት ሽኮኮ ያዝን። ሦስተኛዋ ከሁሉም የደነደነች፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ፣ ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ የሆነ ነበረች። ጠፍሩን ሳስርላት አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቁጥር የኔ ናት አልኩ። ጠባይዋ ወደ እኔ ስለሚያደላ ነው መሰለኝ።

ለአጎቴ ምንም አልነገርኳቸውም። ሽኮኮ እየቆጠርን ነው አልኳቸው፤ ውሸትም አይደለም። አፋፉ ላይ የገመድ ወጥመድ እንደሚያጠምዱ አውቃለሁ፤ ጉዳዩን ካወቁ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መከታተያዎቹም እየተፈቱ የልጆች መጫወቻ ይሆናሉ ብዬ ሰጋሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ዋናው ምክንያት ይህ አልነበረም። ማስረጃዬን ሞልቼ አንድ ቀን ድንገት ፊታቸው ላይ መዘርጋት አምሮኝ ነው። ያሳደጉኝን ሰው መርታት አምሮኝ ነው።

ጥቅምትን በሙሉ ከነዚያ ነጥቦች ጋር ኖርኩ። ሁለት ክፍል አስተምሬ ስወጣ ስልኬን አያለሁ። ባልደረቦቼ ከሰላምታ በፊት ሽኮኮዎችሽ እንዴት አደሩ ይሉኝ ጀመር። እኔ ግን በሕይወቴ እንዲህ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። በጠዋት ስድስቱም ድንጋዩ ላይ ናቸው፤ ረፋዱ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቀትር ላይ ይመለሳሉ። የማናያቸው ሆነው ሳለ በአንድ ወረዳ ሰማይ ሥር አብረውን ይውላሉ፤ ይህን ማወቅ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ቁጥር ጠበሉ ላይ የቆመችው ያኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ለተመራማሪው ደወልኩ። ሽኮኮ ውሃ እምብዛም አትፈልግም፤ እንዴት ውሃ ሥር ትሰነብታለች ብሎ ተደነቀ። ምናልባት ወልዳ ይሆናል፣ ምናልባትም እስካሁን ማንም ያልመዘገበው ጠባይ አግኝተን ይሆናል አለኝ። እኔ በሐሳቤ ጽሑፉን ጀምሬዋለሁ። በዚያ ሳምንት አጎቴ ገበያ አለመውጣታቸውን ልብ ብዬ ነበር፤ ጉልበታቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ በጠዋት ወረድኩ። መንገዱ የአጎቴን ማሳ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ባቄላው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ቆመ ነው። ቆባው እየተሰነጠቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የሰው ሁሉ ባቄላ ታጭዶ ሳለ የሳቸው ማጭድ አልነካውም። አጎቴ ደግሞ አዝመራ ላይ ከማንም ቀድመው የሚነሱ ሰው ናቸው።

ድንበርተኛቸው እዚያው ነበሩ። በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ የተማሩ ደብተራ ናቸው፤ ከአጎቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ወንፈል ተገባብተዋል። አጎቴን ምን ነካቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን አይመልስም፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፣ ለአጨዳም አልጠራኝም አሉኝ። እርምጃዬን አፍጥኜ ወደ ጠበሉ ወረድኩ።

ጠበሉ ከቋጥኙ ወጥቶ በእንጨት አሸንዳ የሚወርድ ነው። የሚጠመቀው ሰው ጨርሶ ተበትኗል። አጎቴ ብቻ ርጥብ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልክ እንደ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአሸንዳው ሥር ምስማር ላይ አንዲት የፍየል ቆዳ ቋጠሮ ተንጠልጥላ ጠበል ይወርድባታል። ስፌቷን ከሩቅ አወቅሁት።

ወደ እሷ ስራመድ አጎቴ እጄን ያዙኝ። እንዳልነካት ለምነውኝ የሆነውን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ማክሰኞ ዕለት ወጥመዳቸው አንዲት ሽኮኮ ይዛ አገኙ። ዱላቸውን ካነሱ በኋላ አንገቷ ላይ ክታብ አዩ። አውሬ ክታብ አስሮ አይተው አያውቁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ባቄላቸውን የጨረሰው ተራ አውሬ ሳይሆን የተላከባቸው መተት መሆኑ ያኔ ታያቸው። ብትሞት ደሟ ቤቴ ላይ ይሆናል ብለው ሽኮኮዋን ለቀቋት፤ ጠፍሩን በቢላ ቆርጠው፣ ቋጠሮዋን በቅጠል ይዘው፣ በዚያ ጉልበታቸው ገደሉን ወርደው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሮጡ። አባም ለሳቸው ሰባት ቀን ጠበል አዘዙ፤ ቋጠሮዋንም አሸንዳው ሥር ሰቀሏት። ክታብ መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ በአካባቢው ማን አለ? ደብተራው ጎረቤታቸው ናቸው።

ቀጥለው የነገሩኝ የባሰ ነበር። ማሳው ዐይን ውስጥ ገብቷልና ከእንግዲህ እግራቸውን አያሳርፉበትም። መሬቱን ለእኩል የሚወስድ ሰው አግኝተዋል፤ ሰኞ በሽማግሌ ፊት ይጨርሳሉ። ባቄላውንም እሱ ይጨደው አሉ። ይህን ሲሉኝ ሰው ዘመድ ቀብሮ ሲመለስ እንደሚናገረው ነበር ድምፃቸው።

ክው አልኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ የሚያኮራ አልነበረም። ዝም ብል፣ ቋጠሮዋን አባን አስፈቅጄ ብወስድ፣ ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን ሰኞ መሬቱ ይሄዳል፤ ደብተራውም መተተኛ ተብለው ይቀራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነው። አጎቴ ፊት በርከክ አልኩ።

«ጋሼ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሸሸት አሉ። 

«አንቺ? በኔ ላይ?»

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ውስጤ አለች። አባት የሆኑኝ ሰው፣ በባቄላቸው ያስተማሩኝ ሰው፣ ለአፍታም ቢሆን መተት ያስደረግሁባቸው መስሏቸዋል። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ስለ ሳተላይት፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ባትሪ አወራሁ፤ አንዱም አልገባቸውም። ምስማሩ ላይ ያለችውን አውርጄ ስፌቷን በጥርሴ ፈታሁና ውስጧን አሳየኋቸው። ወረቀት የለበትም፣ ጽሑፍ የለበትም፤ ጥቁር ጠጠር የመሰለች ነገር ብቻ ናት። ይህች ያለችበትን ትናገራለች አልኳቸው። ታዲያ ትናገር አሉኝ።

እንግዲህ ጉድ ፈላ። ያቺ ትንሽ ተናግራ ብዙ ዝም የምትል ነገር ገና ከመናገሯ ነው፤ ለሚቀጥለው ሁለት ሰዓት ግድም ቀርቷል። ምንም ማድረግ አይቻልም። ከጠበሉ አውጥቼ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ያለው ጥድ ሥር፣ ሜዳው ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ አጎቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን።  ኔትወርክ እንዳይጠፋ ያልለመንኩት ታቦት የለም።

እየጠበቅን ሳለ አባ ከቤተ ክርስቲያን ወጡ፤ ሸምግለዋል፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ነው የሚራመዱት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተገረሙም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ያጠመቅሁት ፍርሃቱን ነው፤ ቋጠሮዋማ ምን ኃጢአት አላት» አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም ጥዱ ሥር ተቀምጠው ከኛ ጋር መጠበቅ ጀመሩ።

ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። አምስት ቀን ጠበሉ ላይ ተተክላ የነበረችው ቀይ ነጥብ ተነሥታ ጥዱ ሥር መጥታለች። አጎቴ ካርታ ማንበብ አያውቁም፤ የጠበሉን ጅረትና የቤተ ክርስቲያኑን ክብ ግን ለዩ። ጣታቸውን ከጅረቱ እስከ ነጥቧ ወሰዱ፤ መልሰው ወሰዱ። ቀጥለው ጥዷን ቀና ብለው አዩ።

ድንጋይ ልሸከም አልኳቸው። በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በተበደለው እግር ሥር ይወድቃል፤ ሕጉ ነው፣ እኔም ከልቤ ነበር። ዙሪያዬን ድንጋይ እየፈለግሁ ሳለ አጎቴ ተነሡ።

«ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ሰኞ ማጭድ ተሸከሚና ነይ።»

 አጎቴ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ሽቅብ እየወጡ፣ በየዳገቱ እየቆሙ፣ ርጥብ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ በቀጥታ ወደ ድንበርተኛቸው ደጅ ሄዱ። እኔ ዝቅ ብዬ ከኋላ ቆምኩ። ይቅርታ ሲጠይቁ አጎቴን አይቻቸው አላውቅም፤ ቃሉ ከአፋቸው ለመውጣት ብዙ ታገለ። ደብተራው ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ። ሽኮኮ የሚያሰማራ ክታብ ብችልማ መጀመሪያ ከራሴ ባቄላ የሚያርቃት እጽፍ ነበር፣ የኔን አልበላችውም ወይ አሉ። አጎቴም ሳቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በድጋሚ አለቀስኩ።

ሰኞ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ። ደብተራው ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። መሬቱን ሊቀበሉ የነበሩት ሰውዬም፣ እንግዲያው ለሥራው ልምጣ ብለው ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። መተት የተባለችውን ለማየት የመጣው ሰው ከአጫጆቹ ይበልጣል። መከታተያዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዷ ሴትዮ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀችና ዝምተኛ ናት ብላ መለሰችልኝ።

እያጨድን ወደ ገደሉ ስንወርድ የማፈሩ ተራ ለኔ ደረሰ። ከጫፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን ባቄላው አለቀ። አገዳ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ የተነጨ፣ ቆባው የተበላ። በላይ በኩል ያለው ግን ሙሉ ነው፤ የረገፈው ረግፎ እንኳ ያጠግባል። ስልኬን አውጥቼ የጥቅምትን ነጥቦች በሙሉ አንድ ላይ አየኋቸው። ቋጥኙ ላይ ክምር፣ ማሳው ጫፍ ላይ ክምር፣ ከሠላሳ እርምጃ በኋላ አንዲትም የለችም። እንግዲህ ሽኮኮ አትበላም ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ለአጎቴ አሳየኋቸውና፣ ጋሼ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ፣ በልተዋል አልኳቸው። እሳቸው የተበላውንና ያልተበላውን ወሰን ደጋግመው አዩ። ስድብ ጠብቄ ነበር። እስከዚህ ብቻ ነው እንዴ የሚደፍሩት አሉ። ከጉድጓዳቸው ከዚህ በላይ ርቀው ንስር ቢመጣባቸው ማምለጫ የላቸውም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚያስብ ሰው አነቃነቅ ነበር።

መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ነጥብ ብቻ ነው ያመጣሁት። በቀጣዩ ሰኔ ላይ ባቄላውን ወደ ላይኛው ማሳ አወጡት፤ ገብሱን ወደ መሐል አወረዱት፤ ሠላሳዋን እርምጃ ግብጦ ዘሩባት። ግብጦ ምርር ያለ ነው፤ ሰው እንኳ ቆልቶ ወንዝ ውስጥ ብዙ ቀን ካላሰነበተው አይበላውም። ደብተራውም በድንበራቸው እንዲሁ አደረጉ። መንደሩም ጉድጓድ መድፈኑን ለአንድ ዓመት እንይ ብሎ አቆየው።

መስከረም ላይ ተመራማሪው ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ለሁሉም ነገርን፤ ከቅዳሴ በኋላ አባ ራሳቸው ለምእመናኑ አስረዱልን። ገበያ ያሉት ቆዳ ሠሪ ሽማግሌም አዲስ ጠፍር ሲያወጡልኝ፣ ለአውሬ መሆኑን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ስፌቱን ለየት አደርገው ነበር ብለው ወቀሱኝ። በነጭ ክር ሰፉልን፤ ክታብ በነጭ ክር አይሰፉም።

ሦስት ቁጥርን በሁለተኛው ቀን ያዝናት። ጆሮዋ ያው እንደ ተቀደደ ነው፤ ቁጣዋም አልቀነሰም። ባለፈው የነከሰችኝን አስታውሼ እጄን ሰበሰብኩ። አብረውን የነበሩት አጎቴ እንዳልሞክር በእጃቸው ከለከሉኝና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ጥጃ እንደሚይዙ አድርገው ጭናቸው ላይ አጋደሟት፤ እኔ አሰርኩ። ሳትነክሳቸው ዝም አለች። ስጨርስ ገደሉ ጫፍ ላይ አወረዷት።

«ሂጂ፤ ከግብጦው ግን እንዳታልፊ» አሏት።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ አርብ ከገበያ ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፉ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብተው አንድ ስልቻ የባቄላ እሸት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልን። ከንፋስ መውጫ ልጃቸው ለአጨዳው እንደምትመጣ፣ እሳቸው ግን ወደዚያ ለመሄድ ጊዜ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስልኬን አስከፈቱኝ። አሁን ካርታውን ከኔ ይበልጥ ያነቡታል፤ የግብጦውን ጠርዝ በጣታቸው ጥፍር ነው የሚለኩት። ሦስት ቁጥር ቋጥኟ ላይ ነበረች።

እስከ ዛሬ አላለፈችም።